ኩባንያ ሲታመም
(በአየር ጤና በተደረገው የተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነገረ)




ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ስሙ ሲጠራ ደስ አያሰኝም። ጉዳዩ ኪሳራ ነው። ስለ ኪሳራ እንናገራለን ብለን ማስታወቂያ በለጠፍን ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን «በአየር ጤና ተሰብስባችሁ ስለ በሽታ ልታወሩ ነውን?» ብለው ቀልደውብናል። ቀልዱን ወደነዋል፤ ለርእሳችንም ተጠቅመንበታል። ምክንያቱም ልናስረዳ የምንፈልገው ነገር ኩባንያ እንደ ሰው የሚታመምና የሚታከም መሆኑን፥ በአገራችን ግን ለብዙ ዘመን የነበረው ሕግ የመቅበሪያ እንጂ የማከሚያ ያለመሆኑን፥ አሁን ደግሞ ማከሚያ የሚሆን ሕግ ከወጣ ወዲህ ሐኪሙ ማን እንደሚሆን ያልታወቀ መሆኑን ነው።

ጉዳዩ የሕግና የሒሳብ ተማሪዎች ብቻ ነው የሚል ቢኖር፥ ከዚህ ከአየር ጤና አደባባይ ተነሥቶ ወደ ዓለም ገናና ወደ ሰበታ የሚሄደውን የጅማ መንገድ ጠዋት ይመልከት። የፋብሪካ ሠራተኞችን የሚጭኑ ሰርቪሶች በዚህ መንገድ ይመላለሳሉ። በመንገዱ ዳር ለሠራተኛው ክፍል ቤት የሚያከራይ፥ እንጀራ የሚያቀርብ፥ እስከ ደመወዝ ቀን ዘይትና ሳሙና በዱቤ የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው። አንድ ፋብሪካ ሲቆም የባለሱቁ የዱቤ ደብተር ሳይከፈል ይቀራል። ስለዚህ የኪሳራ ሕግ በልደታ ፍርድ ቤት ውስጥ የሚነበብ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በዚያ የዱቤ ደብተር ላይም የተጻፈ ነው።

ወደ ሕጉ ከመግባታችን በፊት ስለ ቋንቋችን ጥቂት እንበል። በቀድሞ ዘመን ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ከባለገንዘቡ ጋር ይቆራኝ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በሰንሰለት ወይም ልብስ ለልብስ ተቋጥረው አብረው ይሄዱ፥ አብረው ያድሩ ነበር። «ቁራኛ» የሚለው ቃል ዛሬም ክፉ ትዝታ ያለው ከዚህ የተነሣ ነው። ልብ ብለን ብናየው ግን ሥርዓቱ ባለዕዳውን ብቻ ሳይሆን ባለገንዘቡንም ያስር ነበር። ባለዕዳው ሠርቶ እንዳይከፍል እጁ ታስሯል፤ ባለገንዘቡም ሥራውን ትቶ ጠባቂ ሆኗል። ከዚያ ቁራኛ የተጠቀመ ሰው ቢኖር ምናልባት የሰንሰለቱ አንጥረኛ ብቻ ይሆናል።

በ1925 ዓ.ም. አገራችን የመጀመሪያውን የኪሳራ ሕግ ከኩባንያ ሕግ ጋር አወጣች። ከዚያም በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ታወጀ። ይህንን ሕግ ያረቀቁት ዣን ኤስካራና አልፍሬድ ዦፍሬ የተባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት ናቸው። ኤስካራ ሥራቸውን ሳይፈጽሙ ስለ ሞቱ ዦፍሬ ጨርሰውታል። የሕጉ አምስተኛ መጽሐፍ ከአንቀጽ 968 ጀምሮ ስለ ኪሳራና ከኪሳራ ስለሚያድን ስምምነት ይናገራል። በዚያ ሕግ መሠረት ክፍያ ያቋረጠ ነጋዴ በፍርድ ቤት ከሳሪ ተብሎ ይታወጃል፤ ንብረቱን የማስተዳደር ሥልጣኑ ከእጁ ወጥቶ በፍርድ ቤት ለተሾመ ሰው ይሰጣል፤ ተቆጣጣሪ ዳኛ ይመደባል፤ ባለገንዘቦች ሁሉ ተጠርተው ያላቸውን ማስረጃ ያቀርባሉ፤ ንብረቱ ተሸጦ እንደየደረጃቸው ይከፋፈላሉ። ከባለገንዘቦቹ ጋር ተስማምቶ ለመዳንም በር ነበረው።

ያ ሕግ በጊዜው የሚናቅ አልነበረም። በትልቁ የቁራኛን ሐሳብ ሰብሮታል፤ ባለገንዘቦች በየፊናቸው ንብረት ከመሻማት ይልቅ በአንድ ገበታ እንዲቀመጡ አዟል። ጉድለቱ ሰዓቱ ነበር። ሕጉ የሚነቃው ባለዕዳው ክፍያ ካቋረጠ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዕቃ አቅራቢው ሸሽቷል፥ ጥሩ ጥሩው ሠራተኛ ሌላ ቦታ ገብቷል፥ ደንበኛው ጠፍቷል። በዚህ ላይ ሕጉ ከታወጀ 15 ዓመት ሳይሞላው፥ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ኢንሹራንሶች፥ ቀጥሎም 72 ኩባንያዎች በመንግሥት ተወረሱ። የመንግሥት ድርጅት ሲከስር ወደ ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደ ግምጃ ቤት ስለሚሄድ አምስተኛው መጽሐፍ ለ17 ዓመት ያህል ተዘግቶ ተኛ። ዳኛውም ጠበቃውም ልምድ ሳያገኝ ቀረ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግል ባንክና የግል ኩባንያ ሲመለስ መጽሐፉ ይነቃል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ዳሩ ግን በ1990 ዓ.ም. በቁጥር 97 የወጣው አዋጅ ሌላ አቋራጭ መንገድ ከፈተ። በዚህ አዋጅ መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት፥ ባለዕዳው በጊዜው ካልከፈለ፥ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ክርክር ራሱ በሐራጅ ሊሸጥ ወይም ገዢ ካልተገኘ ሊረከበው ይችላል።

ባንኮችን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ፍርዳችን ሚዛናዊ መሆን አለበት። ባንክ የሚያበድረው ገንዘብ የራሱ አይደለም። የአስተማሪው፥ የጡረተኛው፥ የነጋዴው ተቀማጭ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ የመያዣ ክርክር በፍርድ ቤት ዓመታት ይፈጅ ስለ ነበር ባንኮቹ ገንዘብ ማበደር ፈርተው ነበር። አዋጁ የወጣው በብልሃት እንጂ በክፋት አይደለም። የኛ ቅሬታ ሌላ ነው። አንድ ባንክ ለራሱ ዕዳ ብሎ የሚሸጠው ሕንፃውን ወይም ማሽኑን ነው፤ ሥራውን አይደለም። በዚህ ሰፈር ካሉት የእንጨት ሥራ ቤቶች አንዱን በሐሳባችን እንውሰድ። መሰንጠቂያው፥ መላጊያው፥ አራት አናጢዎች፥ ወንበር ያዘዙ ሁለት ትምህርት ቤቶች፥ እንጨት በዱቤ የሚሰጥ አንድ የጣውላ ነጋዴ አሉ። እነዚህ ተያይዘው ሲሠሩ አንድ ዋጋ አላቸው። ማሽኑ ተነቅሎ በሐራጅ ሲሸጥ ግን ዋጋው የብረት ዋጋ ይሆናል፤ የአናጢዎቹ እጅና የትምህርት ቤቶቹ ትእዛዝ በየትኛውም ሐራጅ አይሸጡምና ተበትነው ይቀራሉ። ባንኩም ከዚያ የብረት ዋጋ ውጭ አያገኝም። አዲሱ የኪሳራ ትምህርት በዓለም ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ቀላል ሒሳብ ላይ ነው፦ በሕይወት ያለ ሥራ ከተበተነ ዕቃ ይበልጣል።

ከእንጨት ቤቱ ወደ ትልቁ እንሻገር። ከዚህ በጅማ መንገድ ጥቂት እንደ ተጓዝን በዓለም ገና በኩል አይካ አዲስ የተባለው የጨርቃ ጨርቅና የልብስ ፋብሪካ አለ። ባለቤቱ የቱርክ ኩባንያ ሲሆን በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ከጥጥ መፍተል አንሥቶ እስከ ተሰፋ ልብስ ድረስ በአንድ ግቢ ይሠራ ነበር፤ ልብሱም ለአውሮፓ ገበያ ይላክ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ነበሩት፤ አብዛኞቹም በኛ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ልጆች ነበሩ። ፋብሪካው ለማስፋፊያና ለማንቀሳቀሻ ከኢትዮጵያ ልማት ባንክ ብዙ ተበድሮ፥ ዕዳውን በጊዜው መክፈል ሳይችል ቀርቶ፥ በ2011 ዓ.ም. በባንኩ እጅ ገባ። በአዳማ የነበረው ኤልሴ አዲስ የተባለው ሌላው የቱርክ ባለሀብቶች ፋብሪካም በዚያው ባንክ እጅ ወድቋል።

ልብ በሉ፤ ልማት ባንክ እነዚህን ድርጅቶች የተረከበው ባለገንዘቦች ሁሉ በተጠሩበት፥ ዳኛ በተቀመጠበት፥ የማገገሚያ ዕቅድ በተመረመረበት ጉባኤ አይደለም። እንደ አበዳሪ በመያዣው ነው የተረከበው። ከዚያ በኋላ ባንኩ አንድ የማይመች ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፋብሪካውን ቢዘጋው ሠራተኛው ይበተናል፥ ማሽኑም ይዝጋል፤ ቢያሠራው ደግሞ ክር መፍተልና ልብስ መላክ የባንክ ሞያ አይደለም፤ በሐራጅ ቢያወጣው ይህን የሚያህል ፋብሪካ በአንድ ጊዜ የሚገዛ ሰው በቀላሉ አይገኝም። በዚያን ጊዜ የልማት ባንክ የተበላሸ ብድር ከጠቅላላ ብድሩ ወደ 40 በመቶ ተጠግቶ ነበር። የንግድ ባንኮች እንዳያልፉት በብሔራዊ ባንክ የተወሰነው 5 በመቶ መሆኑን ስናስታውስ በሽታው ምን ያህል እንደ ነበር ይገባናል። በዚህ ቁጥር ውስጥ በጋምቤላ በዝናብ ለሚለማ እርሻ የተሰጠውም ብድር አለበት፤ እርሱ ግን የራሱ ቀን ያስፈልገዋልና እንለፈው።

ፋብሪካው እንዲህ እንዳይሆን ምን ይደረግ ነበር? እኛ ከሩቅ ሆነን ባለቤቱ ወይም ባንኩ ጥፋተኛ ነው ብለን የምንፈርድ አይደለንም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ፋብሪካው ገና ሲያነክስ፥ ማለት የመጀመሪያውን የብድር ክፍያ ባዘገየበት ጊዜ፥ ባንኩንና ዕቃ አቅራቢውን፥ የሠራተኛ ማኅበሩንና የግብር መሥሪያ ቤቱን በአንድ ገበታ የሚያስቀምጥ፥ ለጥቂት ወራትም «ማንም ማንንም አይክሰስ፥ ማንም ምንም አይንቀል» የሚል ሕግ ነበረን ወይ? ያን ጊዜ አልነበረንም።

ስለ ሠራተኛው ደግሞ ቁጥር ይዘን እንነጋገር፤ በዚህ ነገር ላይ በለቅሶ ብቻ መናገር አይበቃም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ድርጅት በመክሰር ወይም በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው ሲዘጋ የሥራ ውል እንደሚቋረጥ በአንቀጽ 24 ይደነግጋል። ለዚህም የሥራ ስንብት ክፍያ አለ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፥ ከዚያ ለሚቀጥለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሲሶ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም፤ ድርጅቱ ስለ ተዘጋ የሚሰናበት ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል። እንግዲህ በወር 3,000 ብር የምታገኝ፥ 6 ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ ብንወስድ፥ ለመጀመሪያው ዓመት 3,000፥ ለአምስቱ ዓመት 5,000፥ በ60 ቀን 6,000፥ በድምሩ 14,000 ብር ይገባታል። ይህ የስድስት ዓመት አገልግሎት ዋጋ ነው። ብዙ ነው የሚል ካለ የቤት ኪራይን በዚህ ሰፈር ጠይቆ ይምጣ።

አዋጁ የሠራተኛው ክፍያ ከሌላው ዕዳ ሁሉ ይቀድማል ይላል። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ዳሩ ግን ቀዳሚነት ትርጉም የሚኖረው ሰልፍ ሲኖር ነው። ሁሉም በየፊናው ሲሮጥ፥ አንዱ በ1990 ዓ.ም. አዋጅ መያዣውን ሲሸጥ፥ ሌላው የባንክ ሒሳቡን በፍርድ ቤት ሲያሳግድ፥ ሦስተኛው ሌሊት ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ፥ «እኔ እቀድማለሁ» የምትለው ሠራተኛ ቀድማ የምትቆምበት ሰልፍ የት አለ? የኪሳራ ሥርዓት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሰልፉን ለማበጀት ነው። ስለዚህ የኪሳራ ሕግ የሀብታም ሕግ ነው የሚሉ ጓደኞቻችን ነገሩን እንደገና እንዲያስቡት እንለምናቸዋለን። ሕጉ ሳይኖር የሚጎዳው ጠበቃ ለማቆም የማይችለው ነው።

ሌላም ደካማ ወገን አለ፤ ቀድሞ የከፈለ ደንበኛ። በሞጆ መኪና ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር በ2005 ዓ.ም. ሲከስር ለመኪና ገንዘብ አስቀድመው የሰጡ ሰዎች ነበሩ። አክሰስ ሪል ስቴትም ከ2,000 በላይ ከሆኑ ቤት ገዢዎች ቅድሚያ ገንዘብ ተቀብሎ ቤቱን በጊዜው ሠርቶ ሳያስረክብ ቀርቶ ጉዳዩ መንግሥት ጭምር የገባበት የብዙ ዓመት ሙግት ሆኗል። በውጭ አገር በታክሲ ሾፌርነትና በሆስፒታል አስታማሚነት ያጠራቀሙትን የላኩ ወገኖቻችን ከገዢዎቹ መካከል እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። እነዚህ ሰዎች በሕግ ዓይን ምንድን ናቸው? ራሳቸውን የቤት ባለቤት አድርገው ይቆጥራሉ፤ ሕጉ ግን መያዣ እንደሌለው ማንኛውም ባለገንዘብ ሊቆጥራቸው ይችላል፤ ባንኩ መሬቱን ይዟል፥ እነርሱ የያዙት ደረሰኝ ነው።

አሁን ወደ አዲሱ ሕግ እንምጣ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ከ60 ዓመት በላይ የሠራውን የ1952ቱን ሕግ በአብዛኛው ተካው፤ የባንክ፥ የኢንሹራንስና የመጓጓዣ ክፍሎች ግን በቀድሞው ቀርተዋል። የአዲሱ ሕግ ሦስተኛ መጽሐፍ በሙሉ ዕዳ መክፈል ስላቃተው ነጋዴ ነው። መንገዶቹም ሦስት ናቸው። ገና ክፍያ ያላቋረጠ ነገር ግን ችግር እንደሚመጣበት ያየ ባለዕዳ አስቀድሞ ከባለገንዘቦቹ ጋር ዕዳውን የሚያደላድልበት አለ፤ ክፍያ ያቋረጠ ቢሆንም ሥራው ሊድን የሚችል ድርጅት እንደገና የሚደራጅበት አለ፤ ሊድን ለማይችለው ደግሞ መክሰርና ንብረቱን ማከፋፈል አለ። የመጀመሪያው መንገድ አዲስ ነው፤ ባለቤቱም ከወንበሩ ሳይነሣ ሥራውን እያካሄደ ይደራደራል። ድርድሩ ሲጀመር የየግል ክስና አፈጻጸም ለጊዜው ይታገዳል። በዚያ ጊዜ ድርጅቱን ለማዳን አዲስ ገንዘብ ለሚያበድር ሰውም ሕጉ ጥበቃ ይሰጠዋል፤ አለዚያማ ለሚሰምጥ መርከብ ማን ያበድራል?

ይህ ሐሳብ የኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1978 ባወጡት ሕግ ምዕራፍ 11 በሚባለው ባለዕዳው ሥራውን ይዞ እንዲያገግም አድርገዋል፤ ጄኔራል ሞተርስ በ2009 በዚያ በር ገብቶ በ40 ቀን ያህል ወጥቷል። (በእርግጥ ከኋላው የአሜሪካ ግምጃ ቤት ቆሞ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ደጀን ያለው ሕመምተኛ በቶሎ መዳኑ አያስደንቅም።) የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ስለ አስቀድሞ ማደላደል መመሪያ አወጣ፤ እንግሊዞችም በ2020 በኮሮና መካከል እንዲሁ የጊዜ እፎይታና አዲስ የማደላደያ ዕቅድ የሚሰጥ ሕግ አወጡ። ጎረቤታችን ኬንያ በ2015 ሕጓን አድሳለች። የኬንያ ታሪክ በተለይ ሊጠና ይገባል። ናኩማት የተባለው ከ60 በላይ ሱቆች የነበሩት የገበያ አዳራሽ ኩባንያ በ2018 በፍርድ ቤት ትእዛዝ አስተዳዳሪ ተሾመለት፤ ሁለት ዓመት ተሞከረ፤ አልዳነም፤ በጥር 2020 ባለገንዘቦቹ ራሳቸው ይፍረስ ብለው ድምፅ ሰጡ። ይህ ሕጉን አያስነቅፍም። ሐኪም ቤት የገባ ሁሉ አይድንም፤ ናኩማት የገባው ደግሞ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ በኋላ ነበር።

እንግዲህ ሕጉ ካለን ነጋዴዎቻችን ስለምን በዚህ በር አይጎርፉም? በኛ አስተያየት ዋናው ምክንያት በአዲሱ ሕግ ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው ባሉት ልማዶችና ሕጎች ውስጥ ነው።

አንደኛው ቼክ ነው። በመርካቶ ይሁን በዚህ በአየር ጤና ዕቃ በዱቤ የሚወስድ ነጋዴ ቀኑ ወደ ፊት የተጻፈ ቼክ ለመተማመኛ ይሰጣል። ሁለቱም ወገኖች ዛሬ በባንክ ገንዘብ እንደሌለ ያውቃሉ። በወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 693 መሠረት ግን ያለ በቂ ስንቅ ቼክ ማውጣት ወንጀል ነው። ስለዚህ ሥራው የተበላሸበት ነጋዴ፥ «ዕዳዬን አደላድሉልኝ» ብሎ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድበት እግሩ ወደ ወኅኒ የሚሄድበት ሊሆን ይችላል። ከዚህ ይልቅ ስልኩን ዘግቶ መጥፋት ይመርጣል። ቁራኛ ቀርቷል ብለን ነበር፤ ብረቱ ወረቀት ሆኖ ነው እንጂ ሙሉ በሙሉ አልቀረም። አቅራቢው ነጋዴ ቼኩን የሚወደው የፍትሐ ብሔር ክስ ስለሚዘገይ ነው፤ በዚህም ልንፈርድበት አንችልም። ዳሩ ግን የወንጀል ሕጉ ለዕዳ መሰብሰቢያ በተሠራበት አገር አስቀድሞ ማደላደል የሚባለው ሥርዓት ሥር ሊሰድ እንዴት ይችላል?

ሁለተኛው የሒሳብ መዝገብ ነው። «ሦስት መዝገብ» የሚባለውን ቀልድ ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ለባንክ የሚታይ፥ ለግብር የሚታይ፥ ከአልጋ ሥር የሚታይ። ለባንክ የሚታየው ሁልጊዜ ያተርፋል፤ ለግብር የሚታየው ሁልጊዜ ይከስራል፤ እውነቱ ከአልጋ ሥር ነው። አስቀድሞ ለማደላደል ግን ባለዕዳው እውነተኛውን ደብተር በዳኛና በባለገንዘብ ፊት መዘርጋት አለበት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ይህን ለማስተካከልና ዓለም አቀፉን የሒሳብ አያያዝ ለማስገባት የታሰበ ነበር። ትልልቆቹ ድርጅቶች ጀምረዋል። የእንጨት ቤቱ ባለቤት ግን ሒሳቡን የሚይዘው በኪሱ ደብተርና በራሱ ጭንቅላት ነው፤ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት የምንማር ጓደኞቻችን ለዚህ ሰው የሚሆን ቀላል መዝገብ ቢያዘጋጁ ከመመረቂያ ጽሑፋቸው ይልቅ የሚጠቅም ሥራ ይሆናል ብለን እንደፍራለን።

ሦስተኛው ቅድም ያነሣነው የ1990 ዓ.ም. አዋጅ ነው። የአዲሱ ሕግ እግድ ጥቅም የሚኖረው ትልቁን ባለገንዘብ፥ ማለት ባንኩን፥ ሲጨምር ነው። ባንኩ ከሰልፉ ውጭ ቆሞ ማሽኑን ሊነቅል የሚችል ከሆነ የቀሩት ባለገንዘቦች በምን ላይ ይደራደራሉ? ሁለቱ ሕጎች የሚታረቁበት መንገድ በግልጽ መታወቅ አለበት። የኛ ሐሳብ ባንኩ የመያዣ መብቱን ሳያጣ ለተወሰኑ ወራት ብቻ እንዲታገሥና በዚያም ጊዜ የመያዣው ዋጋ እንዳይወድቅ ዋስትና እንዲሰጠው ነው። ከመካከላችን በዚህ የማይስማሙ አሉ፤ «እግድ ያገኘ ባለዕዳ በእፎይታው ጊዜ ንብረት ያሸሻል» ይላሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። መልሱ ግን እግዱን መከልከል ሳይሆን በዚያ ጊዜ ድርጅቱን የሚጠብቅ የታመነ ባለሞያ ማቆም ነው። ይህ ሞያ ደግሞ ሕግም፥ ሒሳብም፥ የሥራ አመራርም ያጣመረ ሲሆን፥ በሌሎች አገሮች ፈቃድ የሚሰጥበት የተከበረ ሥራ ነው። ከኛ መካከል «ስመረቅ የታመመ ድርጅት አካሚ እሆናለሁ» ያለ ሰው እስካሁን አልሰማንም፤ ሁሉም ወደ ባንክ ነው የሚያመለክተው።

ባህላችን ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አለመሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል። በዕቁብ ውስጥ አንድ አባል ሲቸገር ዳኛው አባላቱን ጠይቆ ዕጣው ሳይደርሰው ቀድሞ እንዲወስድ ያደርጋል፤ ባለዕጣውም ተራውን ይለቅለታል። ይህ ምንድን ነው? ጉባኤ ተደርጎ፥ የተቸገረው ሥራውን ሳይለቅ፥ አዲስ ገንዘብ እንዲያገኝ መፍቀድ ነው። የጎደለው በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ላለው ኩባንያ የሚበቃ ዳኛና ደብተር ነው። ከዚህ በተቃራኒ የቆመውን አራጣ አበዳሪ ደግሞ አንርሳው። በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ባንክ በሩን የዘጋበት ነጋዴ ማታ ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ብዙ ድርጅትም የሚሞተው በመጀመሪያው ዕዳ ሳይሆን ያንን ለመክፈል በተወሰደው በሁለተኛው ነው።

ጉዳዩን ለምን ዛሬ አነሣነው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት በ57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አለፈ። የላኪዎች ጥቅም እንዳለ ሆኖ፥ ከውጭ ጥሬ ዕቃ በዱቤ ያስመጣ ወይም በዶላር ዕዳ የነበረበት ድርጅት ምንም ሳያጠፋ ዕዳው በብር ሲቆጠር በእጥፍ ሊያድግ ቀርቧል። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው ይህ ነው። እንዲህ ያለው ድርጅት ሥራው ጤነኛ ነው፤ የታመመው ሚዛኑ ነው። አስቀድሞ የማደላደል ሥርዓት የተፈጠረው ለእንዲህ ዓይነቱ በመሆኑ የ2013ቱ ሕግ እውነተኛ ፈተናው ገና አሁን ነው።

የመንግሥት ድርጅቶችን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እንበል። በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ የስኳርንና የሌሎችን ትልልቅ የመንግሥት ድርጅቶች ዕዳ እንዲረከብ ተደርጓል። ለትልቁ የመንግሥት ባለዕዳ የጊዜ እፎይታና ማደላደያ ይገባዋል ከተባለ፥ ለአየር ጤናው እንጨት ቤትም በመጠኑ ይገባዋል ማለት ድፍረት አይሆንብንም።

ስብሰባው ሲያበቃ ከመምህራኖቻችን አንዱ የጠየቁን ጥያቄ እስካሁን ያከራክረናል። ቤት ሠሪ ድርጅት እንደገና ሲደራጅ፥ ቅድሚያ የከፈሉት ቤት ገዢዎች በጉባኤው ድምፅ የሚሰጡት ከተራ ባለገንዘቦች ጋር ተቀላቅለው ነው ወይስ ለብቻቸው አንድ ክፍል ሆነው? ለብቻቸው ከሆኑ ቁጥራቸው ብዙ ስለ ሆነ ዕቅዱን ሁሉ ሊያቆሙት ይችላሉ፤ ከሌሎቹ ጋር ከተቀላቀሉ የአቅራቢዎቹ ድምፅ ሊውጣቸው ይችላል። ከእኛ ሦስቱ ለብቻቸው ይሁኑ እንላለን፥ ሁለቱ አይስማሙም። የሁለቱም ወገን ክርክር በሚቀጥለው እትም ይወጣል፤ የአክሰስን ነገር በቅርብ የሚያውቅ ወይም ቤተ ሰቡ ደረሰኝ ይዞ የሚጠብቅ ጓደኛ ካለ ከኅትመቱ በፊት ሐሳቡን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሳጥን ውስጥ እንዲያኖርልን እንለምናለን።